ኮሎኔል ካዘዘ ሊንኩ ይጫናል፦ ስለ መኮንኖችና ስለ ሳይበር ስጋት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጦርና ስለ ሳይበር ደህንነት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ እዚህ መልሻለሁ። ምሳሌዎቹ በብዛት ከአሜሪካ ጦር ናቸው። እነሱ ከሌላው የበለጠ ስለሚዝረከረኩ አይደለም። ጉዳቸው ቶሎ አደባባይ ስለሚወጣ ነው፤ ምርመራው ይታተማል፣ ጋዜጠኛው ይጽፋል፣ ፍርዱ ይሰማል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መኮንኖች የሳይበር ስጋትን ከቁብ አይቆጥሩትም ማለት ነው?

ኧረ ይቆጥሩታል። ስለ ቻይናና ስለ ሩሲያ ሃከሮች ጠይቋቸው፣ ሲያወሩ ይመሻል። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት፣ የቪያሳት ኩባንያ የሳተላይት ኢንተርኔት ሞደሞች በሳይበር ጥቃት ከጥቅም ውጪ ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ ሳይበር የጦርነት አካል መሆኑን የሚጠራጠር አዛዥ ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ ስጋቱ ከወዴት ይመጣል ብለው ማሰባቸው ላይ ነው። ለብዙ መኮንን ጥቃት ማለት ከጠላት አገር፣ በረቀቀ ቴክኖሎጂ የሚመጣ ነገር ነው። መከላከሉ ደግሞ የመገናኛ ክፍሉ ሥራ ነው። የገዛ ስልኩ፣ የገዛ ጥድፊያው፣ ፓስወርዱን ረዳቱ ጭምር ማወቁ እንደ ስጋት አይቆጠሩለትም። ከታች የምታነቧቸው ቅሌቶች ግን ሁሉም ማለት ይቻላል የጀመሩት ከዚያው ነው።

ማዕረግ ከፍ ሲል ጥንቃቄም አብሮ ከፍ አይልም?

አይልም። እንዲያውም ማዕረግ ራሱ ቀዳዳ ነው።

በ2004 ዌስት ፖይንት ውስጥ፣ ማለትም የአሜሪካ ምድር ጦር መኮንኖች በሚሰለጥኑበት አካዳሚ፣ አንድ ሙከራ ተደረገ። ለ512 ዕጩ መኮንኖች ኢሜል ተላከላቸው። ላኪው ኮሎኔል ሮበርት ሜልቪል ይላል። የውጤት ሪፖርታችሁ ላይ ችግር አለ፣ ይህን ሊንክ ተጫኑና መመሪያውን ተከተሉ ነው የሚለው። ኮሎኔል ሜልቪል የሚባል ሰው አካዳሚው ውስጥ የለም። ቢሮው ዋሽንግተን ሆል ሰባተኛ ፎቅ ነው ተብሏል፤ ሕንጻው ሰባተኛ ፎቅ የለውም። ዕጩዎቹ በየቀኑ ምግብ የሚበሉበት ሕንጻ ነው እንግዲህ! ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊንኩን ተጫኑት።

ለምን? ኮሎኔል ስላለ። ዕጩ መኮንን ኮሎኔል ያዘዘውን ነገር "ቆይ መጀመሪያ ላጣራ" ብሎ አያሳድርም። የሰለጠነው ቶሎ እንዲፈጽም ነው። ወታደር ቤት ይህ መልካም ጠባይ ነው፣ አጥቂውም የሚፈልገው ይህንኑ መልካም ጠባይ ነው። ከእነዚያ ልጆች መካከል ጦሩ ውስጥ የቆዩት ዛሬ ሌተና ኮሎኔልነት የሚደረስበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

የተገላቢጦሹም አለ። ጄኔራሉ "ይሄ ፓስወርድ በየጊዜው ቀይር ማለት አሰለቸኝ፣ ለኔ አስተካክሉልኝ" ቢል፣ አይሆንም ጌታዬ የሚለው መቶ አለቃ የት ይገኛል?

ነገሩ አሳሳቢ የሆነው መቼ ነው?

ቀደም ብሎ ነው። ፌብሩዋሪ 1998 ላይ አሜሪካ ኢራቅን ለመምታት እየተዘጋጀች ሳለ ሰዎች የፔንታጎን ኮምፒውተሮች ውስጥ ሲርመሰመሱ ተገኙ። በወቅቱ የተጠረጠረችው ኢራቅ ነበረች፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ሲጣራ ሁለት የካሊፎርኒያ ጎረምሶችና አንድ እስራኤላዊ ወጣት ሆነው ቁጭ አሉ። መኮንኖች ጠላት ብለው የሚጠብቁትና እውነት በሩ ላይ የቆመው ሰው አለመገጣጠም ከዚያ ጀምሮ ያለ ነገር ነው።

ትልቁ ድንጋጤ ግን የ2008ቱ ነው። መካከለኛው ምሥራቅ ያለ አንድ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ላፕቶፕ ላይ ሰካ። ይኸው ነው። ቫይረሱ ከዚያች ላፕቶፕ ተነስቶ አካባቢውን ወደሚመራው የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ (ሴንትኮም) ኔትወርክ ገባ፣ ምስጢራዊ ወደሆነውም ወዳልሆነውም ተዛመተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፍላሽ መጠቀም ተከለከለ። ጉዳዩን በ2010 ይፋ ያደረጉት የወቅቱ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትር ዊልያም ሊን ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ከደረሱት ጥሰቶች ሁሉ የከፋው እንደሆነም ተናግረዋል። የአሜሪካ የሳይበር ዕዝ በዚሁ ማግስት ተቋቁሞ በ2010 ሥራ ጀመረ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜሪላንድ ፎርት ሚድ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በመኪና ብዙም አይርቅም።

ከቤት መሥራት ሲጀመር ምን ተቀየረ?

ድሮ ምስጢር ማለት ክፍል ነበር። በሩ ላይ ዘብ አለ፣ ስልክህን ውጪ ሳጥን ውስጥ ትተዋለህ፣ ትገባለህ፣ ስትወጣ ወረቀቱ እዚያው ይቀራል። ኮሮና ሲመጣ፣ ማርች 2020 ላይ፣ ፔንታጎን በማይክሮሶፍት ቲምስ ላይ የቆመ ጊዜያዊ ሥርዓት በጥድፊያ ዘረጋ። ጁን 2021 ላይ እሱን ዘግቶ ሰዉን ጥበቃው ጠበቅ ወዳለ ሥርዓት አዛወረ። ሥርዓቱ ተዘጋ፣ ልማዱ ግን ቀረ። መኮንኑ ከሳሎኑ፣ ከሆቴሉ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስብሰባ መግባት ለመደ።

ልማዱ የት እንደሚያደርስ ያሳዩን ጀርመኖች ናቸው። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ የጀርመን አየር ኃይል ከፍተኛ መኮንኖች፣ አዛዡ ኢንጎ ጌርሃርትስ ጭምር፣ ታውረስ የተባለውን ሚሳይል ለዩክሬን ስለመስጠት ዌብኤክስ በተባለው የኢንተርኔት መሰብሰቢያ ተወያዩ። አንደኛው የገባው ለአየር ትርዒት ከሄደበት ከሲንጋፖር ነበር። ማርች 1 ቀን 38 ደቂቃ ያህል የሚረዝመው ቅጂ በሩሲያ መንግሥት ሚዲያ ኃላፊ በኩል ለዓለም ተለቀቀ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቦሪስ ፒስቶሪየስ ሲያስረዱ ሥርዓቱ አልተሰበረም፣ ሲንጋፖር የነበረው ተሳታፊ ባልተፈቀደ መስመር ነው የገባው አሉ፤ የሆቴል ዋይፋይ ወይም የሞባይል መስመር ማለታቸው ነው።

እስቲ አስቡት፣ እነዚህ ሰዎች አየር ኃይል የሚመሩ ናቸው። ስለ ራዳርና ስለ ሚሳይል የሚያውቁት ለጉድ ነው። ግን ስብሰባ ነው፣ ሰዓት ደርሷል፣ ሊንኩ ተልኳል፣ ስልኩ እጅ ላይ ነው። ማንኛችንም የምናደርገውን አደረጉ።

ሕግ የሚያወጡት ሰዎችስ ሕጉን ያከብራሉ?

ማርች 2025ን አስታውሱ። የትራምፕ የብሔራዊ ደህንነት አማካሪ ማይክ ዋልትዝ የመንን ስለመደብደብ የሚወያዩበት ግሩፕ ሲግናል በተባለው የመልዕክት አፕ ላይ ከፈቱ። ከዚያ የአትላንቲክ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ጄፍሪ ጎልድበርግ በስህተት ግሩፑ ውስጥ ገቡ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ጥቃቱ ከመጀመሩ በፊት አውሮፕላኖቹ የሚነሱበትን ሰዓት እዚያ ጻፉ። ሁለቱም ሲቪል ሹመኛ ይሁኑ እንጂ የቀድሞ መኮንኖች ናቸው፤ ዋልትዝ የብሔራዊ ዘብ ኮሎኔል፣ ሄግሴት ሻለቃ ነበሩ። የፔንታጎን ዋና ኢንስፔክተር በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ሚኒስትሩ የግል ስልካቸውን ለሥራ በመጠቀማቸው ደንብ ተላልፈዋል ብሏል።

ሲግናል መጥፎ አፕ ስለሆነ አይደለም። መልዕክቱ ሲጓዝ የተቆለፈ ነው። ግን ማን ግሩፕ ውስጥ እንዳለ ካላየህ ቁልፉ ምን ያደርግልሃል?

ይህ ከታች ላለው መኮንን የሚያስተላልፈውን አስቡ። ሻለቃው ወይም መቶ አለቃው በግል ስልክ ሥራ መላላክ ክልክል መሆኑን በየዓመቱ ፈርሞ ያረጋግጣል። ከላይ ሲያይ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ የደንቡን ወረቀት በድሮ ዓይኔ የማየው አይመስለኝም።

መርከብ ላይ ድብቅ ዋይፋይ ገጠሙ የተባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ደግሞም ከሁሉም የሚያስቀኝ ይሄኛው ነው። በ2023 ማንቸስተር የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ወደ ምዕራብ ፓስፊክ ልትሰማራ ስትል የመርከቧ ባለሌላ ማዕረግ አለቆች፣ ማለትም ከመኮንን በታች ያሉት፣ ገንዘብ አዋጥተው የስታርሊንክ ሳተላይት ኢንተርኔት ሳህን ገዙ። ሳህኑ መርከቧ ላይ ተተከለ፣ ፓስወርዱም በእነሱ መሐል ብቻ ዞረ። ዋና መሪዋ ከባለሌላ ማዕረጎች ሁሉ በላይ የነበረችው ሴት ናት። የዋይፋዩ ስም "ስቲንኪ" ነበር፣ ሸታታ እንደማለት።

ሌላው መርከበኛ ስልኩ ላይ የማያውቀው ዋይፋይ ሲያይ ወሬ ተነሳ። የመርከቧ አዛዥ መሪዋን ጠየቃት፣ የለም አለች። ከዚያ የዋይፋዩን ስም ፕሪንተር እንዲመስል አድርጋ ቀየረችው! በመጨረሻ የተያዘው አንድ ሲቪል ቴክኒሽያን ስታርሺልድ የተባለውን ሕጋዊውን ወታደራዊ ሳህን ሊተክል ሲወጣ ሌላ ሳህን ተተክሎ ስላገኘ ነው። ሴትዮዋ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርባ ማዕረጓ ተቀነሰ።

ለስለላ አልነበረም። የጨዋታ ውጤት ለማየት፣ ከቤተሰብ ጋር ለማውራት ነው። ግን ባሕር ላይ ያለች የጦር መርከብ የምትገኝበት ቦታ ራሱ ምስጢር ነው። ለኔ ዋናው ነገር መኮንኖቹ ለወራት አለማወቃቸው ነው፤ ኔትወርካቸውን ሲጠብቁ የከረሙት ሰዎች ራሳቸው ላይ የተተከለውን ሳህን ቀና ብለው አላዩትም።

የእጅ ሰዓትም ያጋልጣል?

በጣም። ኖቬምበር 2017 ላይ ስትራቫ የተባለው፣ ሩጫን በስልክና በእጅ ሰዓት የሚመዘግበው የስፖርት አፕ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን መንገድ ሁሉ በዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። ጃንዋሪ 2018 ላይ የ20 ዓመት አውስትራሊያዊ ተማሪ ሶሪያና አፍጋኒስታን ጨለማ ውስጥ የሚያበሩ ቀለበቶች አየ። ሌሊትና ጠዋት አጥሩን እየዞሩ የሚሮጡ ወታደሮች ነበሩ። ፔንታጎን በኦገስት 2018 ግዳጅ ቀጠና ውስጥ ቦታ የሚጠቁሙ መሣሪያዎችን ከለከለ።

ትምህርት ተወሰደ? ጃንዋሪ 2025 ላይ ለ ሞንድ ጋዜጣ የፈረንሳይ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ሠራተኞች በዚሁ በስትራቫ ራሳቸውን ማጋለጣቸውን ጻፈ። ስልክ ጠላት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሰዓት ግን ሰዓት ነው ተብሎ ይታለፋል።

ታዲያ ሕጉ እያለ ለምን ይጣሳል?

ግዳጅ ስለሚቀድም። መኮንን የሚገመገመው ግዳጁን በመፈጸሙ ነው፤ ኔትወርኩን በንጽሕና ስለያዘ ብቻ ተሾመ የተባለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደህንነቱ ራሱ ሥራ ሲያስፈታ ደግሞ ትዕግሥት ያልቃል። ጃንዋሪ 2022 ላይ በአሜሪካ አየር ኃይል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ላይ የነበረው ማይክል ካናን "ኮምፒውተሮቻችንን ጠግኑ" የሚል ግልጽ ደብዳቤ ሊንክድኢን ላይ ለጠፈ። ማሽኑ እስኪነሳ፣ ኤክሴል እስኪከፈት ቀኑ ይሄዳል የሚል ምሬት ነው። ሰዉ ልቤን ነው የተናገርከው እያለ ተቀባበለው፣ የአየር ኃይሉ የኢንፎርሜሽን ኃላፊም በአደባባይ መልስ ሰጡ።

ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚንቀራፈፈው በከፊል አንዱ በሌላው ላይ በተደራረቡ የጥበቃ ሶፍትዌሮች ነው። ስለዚህ በመኮንኑ ዓይን "ሳይበር ደህንነት" የሚባለው ጠዋት ጠዋት ጊዜውን የሚበላው ነገር ነው። ሃከሩን አይቶት አያውቅም፣ የሚሽከረከረውን ክብ ግን በየቀኑ ያያል። የሚፈለገው ፋይል በመንግሥት ማሽን አልላክ ካለ በጂሜይል ይላካል፣ አለቀ።

ከዚያ ላይ የሹመት ነገር አለ። ሴፕቴምበር 2021 ላይ የአየር ኃይሉ የመጀመሪያ የሶፍትዌር ኃላፊ የነበረው ኒኮላስ ሻያን ሥራ ሲለቅ በጻፈው ደብዳቤ፣ ልምድ የሌለውን ሻለቃ ወይም ሌተና ኮሎኔል ሚሊዮኖች በሚጠቀሙበት የክላውድ ወይም የደህንነት ፕሮጀክት ላይ መሾም ይቁም ብሎ ተማጽኗል። ያለ በረራ ስልጠና ማንንም ተዋጊ ጄት ላይ አያወጡም ባይ ነው። ልክ ነው። መኮንን በሁለትና በሦስት ዓመት ቦታ ይቀይራል፤ ሥርዓቱ ሲገባው ዝውውር ይመጣል።

ወጣቶቹ መኮንኖችና ወታደሮች አይሻሉም? በቴክኖሎጂ ነው ያደጉት።

ስልክ መነካካት መቻልና መጠንቀቅ የተለያዩ ናቸው። ጃክ ቴሼራ በ2023 ሲያዝ 21 ዓመቱ ነበር፣ የማሳቹሴትስ አየር ብሔራዊ ዘብ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ምስጢር የተጻፈበትን ሰነድ ዲስኮርድ በተባለ የመወያያ አፕ ላይ ለጨዋታ ጓደኞቹ ለጠፈ። በኖቬምበር 2024 የ15 ዓመት እስር ተፈረደበት። የአየር ኃይሉ ምርመራ ግን ልጁ ላይ አላበቃም። አለቆቹ የማይመለከተውን መረጃ ሲያይ አግኝተውት ነበር፤ ለሚመለከተው ክፍል በአግባቡ አላሳወቁም። 15 ሰዎች የዲሲፕሊን እርምጃ ተወሰደባቸው፣ ከቦታቸው የተነሱ አዛዦችም አሉ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ወጣት ነው፣ ይታረማል ብሎ ማለፍ የሚያስከፍለውን ያኔ አዩት።

ስልጠናው አይሠራም?

በየዓመቱ ኮምፒውተር ላይ እየተጫኑ የሚያልፉት ስልጠና አለ። ብዙዎች ቀጣይ፣ ቀጣይ፣ ቀጣይ እያሉ ሰርተፍኬቱን አትመው ይገላገሉታል። በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ የወጣ የፔንታጎን መመሪያ ደግሞ ወታደሩ ወደ ውጊያ ሥራው ይመለስ በሚል የዚህ ስልጠና ድግግሞሽ ይላላ ብሏል። ስልጠናው አሰልቺ ስለመሆኑ አልከራከርም። ግን ውጊያ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ነው የሚያሳስበኝ።

ስለ ቻትጂፒቲስ ምን ያስባሉ?

ይከፋፈላሉ። ሴፕቴምበር 2023 ላይ የአሜሪካ ኅዋ ኃይል እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለጊዜው ከለከለ። በጁን 2024 ደግሞ አየር ኃይሉ ኒፐርጂፒቲ የተባለ የራሱን አቀረበ፤ ሰዉ እንደሆነ መጠቀሙን አይተውም፣ ቢያንስ ከእኛ ኔትወርክ አይውጣ ነበር ሐሳቡ።

ፈተናው የሚመጣው ከጦር ዕቅድ አይደለም፣ ከቢሮ ሥራ ነው። መኮንን የበታቾቹን የአፈጻጸም ግምገማ ሲጽፍ ያመሻል። ስም፣ ክፍል፣ ምን እንደሠራ፣ የት እንደተሰማራ ገልብጦ "አሳምርልኝ" ቢለው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። አንዷ አረፍተ ነገር ምስጢር አይደለችም። የአንድ ሻለቃ ጦር ግምገማ ሁሉ አንድ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

እኛ ሐበሾችን ምን ይመለከተናል?

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ትመለከታላችሁ። ምስጢር ለማየት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ኤስኤፍ-86 የተባለ ረጅም ቅጽ ይሞላል። ዘመድ፣ የውጭ አገር ሰው ግንኙነት፣ የኖረበት አድራሻ ሁሉ ይጠየቃል። በ2015 ይህን መረጃ የሚይዘው የአሜሪካ የሠራተኞች መሥሪያ ቤት መጠለፉ ሲታወቅ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ፣ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራ ጭምር ወጥቷል። ያኔ ፈቃድ የነበረው የሐበሻ ልጅ ቅጹ ላይ ያሰፈረው አዲስ አበባ ያለ አጎትም ስሙ አብሮ ሄዷል ማለት ነው። አጎት እስካሁን አልሰማም ይሆናል።

አገር ቤትም የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ኢንሳ በ2006 ተቋቁሟል፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የያኔው መኮንን፣ የዛሬው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ናቸው። ጁን 2020 ላይ ከሕዳሴ ግድቡ ጋር በተያያዘ ከግብፅ የተነሱ የሳይበር ጥቃቶችን አክሽፌያለሁ ብሎ ነበር። የቢሮ ሥራችን ግማሹ በቴሌግራም ግሩፕ በሚሄድበት አገር ከላይ የጻፍኩት የሌላ ሰው ጉድ ብቻ አይመስለኝም።

ልጄ ወታደር ነው። ምን ላድርግ?

የት እንዳለ በስልክ አትጠይቁት። የሚሰማራበትን ቀን በዋትስአፕ የቤተሰብ ግሩፕ አትጻፉ፣ ጸሎት ለማስያዝም ቢሆን። የናቶ የስትራቴጂክ ኮሙኒኬሽን ማዕከል ተመራማሪዎች አንድ ልምምድ ላይ በሐሰተኛ የፌስቡክ ገጽና በ60 ዶላር ብቻ 150 ያህል ወታደሮችን ለይተው፣ ጦሩ የት እንደሚንቀሳቀስ ደርሰውበታል፤ የተጠቀሙትም ሰዉ ራሱ የለጠፈውን ነው።

በደንብ ልብስ የተነሳው ፎቶ ላይ የክፍሉ ምልክት ትከሻው ላይ አለ፣ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል። የሽኝቱን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ካማራችሁ እሱ ተመልሶ ቤት ከገባ በኋላ ልቀቁት፣ ያውም ጠይቃችሁት።